እትዬ ዘሀራና የሰፈሩ ቁጥር

ባለፈው ሐምሌ ሐዋሳ መሥሪያ ቤቴ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ላይ አጭር መልእክት ገባ። «ምሕረት፣ እትዬ ዘሀራ ትናንት አረፉ» ይላል። የላከው አቶ ተስፋዬ ነው፤ ዲላ በምሠራበት ጊዜ የኮሌጃችን ዲን የነበረው ሰው።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንባዬ መጣ። አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ ውኃ ሰጠችኝና ፈቃድ ራሷ ጠየቀችልኝ። ወደ መነኻሪያ ስሄድ ልጃቸውን እንኳ ላጽናና ብዬ ወደ ቤታቸው ደወልኩ።

«ዲላ» አለ አንድ ድምፅ።

ስልክ ሲያነሳ «ሄሎ» በማለት ፈንታ «ዲላ» የሚል ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

«እትዬ ዘሀራ?»

«አቤት።»

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ካልሆንኩ ማን ይሆናል? ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«አርፈዋል ተብዬ…» አልኩ።

እሳቸው መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቃቸው እስኪያልቅ ድረስ መነኻሪያው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። «ከሥራ ነው ያረፍኩት፣ የኔ ልጅ። ትናንት ኬክ ቆርሰው ሸኙኝ። ይሄ ተስፋዬ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ጨርሶ አያውቅም» አሉ።

እንባዬን ጠርጌ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ያን ቀን ግን ሥራ አልሠራሁም። ከሞቱ በኋላ ስለ እሳቸው ልናገር የነበረውን ሁሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በልቤ ደርድሬው ነበርና፣ በሕይወት እያሉ ብጽፈው ይሻላል ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

እትዬ ዘሀራ የተወለዱት ቡታጅራ አካባቢ ነው። አባታቸው ቤተሰቡን ይዘው ዲላ መጡና ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ከፈቱ። ወንድሞቻቸው ሱቁንና የጭነት መኪናውን ሲይዙ፣ እሳቸው ትምህርታቸውን ጨርሰው ስልክ ቤት ተቀጠሩ። ያን ጊዜ ዲላ ውስጥ ስልክ መደወል ማለት መነጋገሪያውን አንስቶ መጀመሪያ ከእሳቸው ጋር መነጋገር ማለት ነበር። ፊታቸው ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሰሌዳ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ፣ እጃቸው ላይ የሚሰካ የሚነቀል ገመድ። ሰው ሲደውል «ዲላ» ይላሉ። «እገሌን አገናኚኝ» ሲላቸው «እዚሁ ነው ወይስ ውጭ?» ብለው ይጠይቃሉ። እዚሁ ከሆነ ገመዱን ራሳቸው ይሰኩታል። ውጭ ከሆነ ለሐዋሳዋ ኦፕሬተር ያስተላልፋሉ፤ የቀረውን እሷ ትጨርሰዋለች።

ሰሌዳው ቀርቶ ሁሉም ነገር በራሱ መደወል ሲጀምር ጓደኞቻቸው ሌላ ሥራ ፈለጉ። እትዬ ዘሀራ ግን የመስመር ጥገና ገቡ። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ከመጨረሻ ሴት ልጃቸው ጋር አንድ ክፍል ተመዝግበው የማታ ተማሩ። ልጅቷ ሁለተኛ ወጣች፤ አንደኛ ማን እንደወጣ መናገር አያስፈልግም። የእኛ ኮሌጅ የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊ አድርጎ የቀጠራቸው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ከባንኮ ጎቲቲ መጥቼ፣ እዚያው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ዲግሪዬን ይዤ በረዳትነት ስመደብላቸው ሃምሳውን አልፈዋል። አጭር ናቸው። እርሳሳቸውን ከሻሻቸው ሥር ይሰኩትና ቀኑን ሙሉ ይፈልጉታል። መነጽራቸው በስልክ ሽቦ ታስሯል። አንድ ችግር ሲነገራቸው ሁለት ጣታቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ፤ የሚያናግራቸው ሰው ፊት ለፊታቸው ቆሞ እንኳ ቢሆን።

ሽቦ አልባ ነገር አይወዱም ነበር። ተማሪዎቹ «እትዬ፣ ዋይፋይ ይለቀቅልን እንጂ፣ ምን ነካዎት» ሲሏቸው «ገመድ የሌለው ነገር ወሬ ነው» ይላሉ። እርግጥ በዚህ ተሸንፈዋል። በመጨረሻ ራሳቸው ተከሉት፤ ግን ሲተክሉ ሦስት ቀን አላናገሩንም።

የከተማው ሽማግሌዎች ሲያዩዋቸው ከወንበራቸው ይነሱላቸዋል። አንድ ቀን ገበያ መሀል አብረን ስናልፍ፣ የታወቁ የቡና ነጋዴ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም አሏቸው።

«ምን ሰምተውባቸው ነው እንዲህ የሚፈሩዎት?» አልኳቸው።

«ማን?»

«እኚህ ሰውዬ። ድሮ በስልክ ሲያወሩ የሰሙት ነገር ይኖራል።»

«ገመዱን ስነቅለው የሰማሁትም አብሮ ይነቀላል» አሉኝ። እውነትም ከዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት ወሬ ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። እኔ ብሆን መጽሐፍ ይወጣኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንቴ አንድ ኮምፒውተር ላይ አድራሻ ስሞላ ከኋላዬ ቆሙ። በእርሳሳቸው ስክሪኑ ላይ 255.255.255.0 የሚለውን መስመር ነኩ።

«ይሄ ሰብኔት ማስክ የምትሉት ነገር ሥራው ምንድን ነው?»

ዩኒቨርሲቲ ለፈተና የሸመደድኩትን አወረድኩት። «የኔትወርኩን ክፍልና የመሣሪያውን ክፍል ይለያል።»

«ደግ። ለማን ነው የሚለየው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ መምህር አልነበረም።

ወንበር ስበው ተቀመጡና ወረቀት ላይ 192.168.20.14 ብለው ጻፉ። «ለራሱ ለኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተር መልእክት ሊልክ ሲል መጀመሪያ የሚያስጨንቀው፣ እኔን ሰሌዳው ላይ ያስጨንቀኝ የነበረው ነው። የምልክለት እዚሁ ነው ወይስ ውጭ? እዚሁ ከሆነ በቀጥታ ጠርቶ ይሰጠዋል። ውጭ ከሆነ ለበሩ ለራውተሩ ይሰጠዋል፤ በሩ ያደርስለታል። ታዲያ የትኛው እዚሁ፣ የትኛው ውጭ እንደሆነ በምን ይወቅ? አድራሻውን ብቻ ቢያየው አራት ቁጥር ነው፤ የሰፈሩ ስም የት ላይ አልቆ የቤቱ ቁጥር የት እንደሚጀምር አልተጻፈበትም። የሚነግረው ማስኩ ነው።»

«ማስክ ያሉት ግን ለምንድን ነው? የሚሸፍነው ነገር አለ?»

«አለ እንጂ» አሉና መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ፣ 14ቱ ላይ አሳረፉ። «ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ባለበት ቦታ ቁጥሩ ይታያል፤ ሰፈር ነው። ዜሮ ባለበት ይሸፈናል፤ የቤት ቁጥር ነው። ሸፍነሽ ስታዪው የቀረው ከአንቺ ጋር አንድ ከሆነ ጎረቤትሽ ነው። ካልሆነ ውጭ ነው። ገባሽ?»

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

«መነቅነቅማ አህያም ዝንብ ስታባርር ትነቀንቃለች» አሉና ሄዱ።

ቀደም ሲል የኮሌጁ ኮምፒውተሮች ሁሉ አንድ ሰፈር እንደነበሩ ነግረውኝ ነበር። አንዱ የሆነ ነገር ፈልጎ ድምፁን ባሰማ ቁጥር ሁሉም ይሰሙታል፤ ሥራው ይጎተታል። ተማሪውም ከፈተና ክፍል ሆኖ የመዝገብ ቤቱን ማሽን መጎርጎር ይችል ነበር። እሳቸው ሲመጡ ለዩዋቸው። መዝገብ ቤትና ሰርቨሮቹ ያሉበት የታችኛው ሕንጻ «አሥር ሰፈር» ሆነ፤ አድራሻው 192.168.10 ብሎ ይጀምራል። ላይኛው ሕንጻ የሚገኘው የፈተና ክፍል ደግሞ «ሃያ ሰፈር»፣ 192.168.20 ብሎ የሚጀምር። በመካከላቸው አንድ በር ብቻ፣ ቁልፉም በእሳቸው እጅ።

አሁን የማወራው በሁለተኛው ዓመቴ የሆነውን ነው። ኮሌጁ ለፈተና ክፍሉ ሃያ አዲስ ኮምፒውተር ገዛ፤ ከነበሩት ሃያዎቹ ጋር አርባ ሊሆኑ። የነርስ ተማሪዎቹ የመጨረሻ ፈተና በኮምፒውተር እንዲሆን ተወሰነ። እትዬ ዘሀራ በዚያው ሳምንት የእህታቸው ልጅ ሰርግ ነበረባቸውና ቡታጅራ ሄዱ። «የሃያውን አድራሻ አንቺ ሙይው። ስትጨርሺ ፈተናው ያለበትን ሰርቨር አስከፍተሽ እይ» ብለውኝ ሄዱ።

አድራሻውን የምገለብጥበት ናሙና ፈልጌ ከመሳቢያቸው ውስጥ በእጃቸው የተጻፈ ወረቀት አገኘሁ። ቁጥሩን በጥድፊያ ሞላሁ። ማስኩ 255.255.0.0 ይላል፤ አንድ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት እንደጎደለው አየሁት፣ ግን የእሳቸው ጽሑፍ ነውና ምክንያት ይኖረዋል ብዬ አለፍኩት። ኢንተርኔት ከፈትኩ፤ ተከፈተ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ፕሪንተር ላይ አተምኩ፤ አተመ። ሰርቨሩን አስከፍቼ ማየቱን ተውኩት። ኢንተርኔት ድረስ የሄደ ኮምፒውተር ታችኛው ሕንጻ መድረስ ያቅተዋል ብሎ ማን ያስባል? አቶ ተስፋዬን «ሁሉም ይሠራል» አልኩት።

የፈተናው ጠዋት አርባ ተማሪዎች ገብተው ተቀመጡ። በነባሮቹ ማሽኖች ላይ ያሉት ሃያ የፈተናው መግቢያ ገጽ ተከፈተላቸው። በአዲሶቹ ላይ ያሉት ሃያ «ሰርቨሩ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ይዘው ቀሩ። አጥፍቼ አበራሁ። ገመድ ነቅዬ ሰካሁ።

አቶ ተስፋዬ ሰዓቱን እያየ ከወዲያ ወዲህ ይላል። «በሁለት ዙር ይፈተኑ» አለ አንድ መምህር። «የመጀመሪያዎቹ ጥያቄውን ለቀሩት ሊነግሩ? አይሆንም። ሁሉም ይፈተናሉ ወይም ማንም አይፈተንም። ለሚቀጥለው ወር እናዛውረው» አለ አቶ ተስፋዬ።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ተማሪ ተነሳች። ወርቅነሽ ትባላለች፤ ከኮንጋ ነው የምትመጣው። ከቀበሌዋ እስከ ይርጋጨፌ በሞተር፣ ከዚያ በሚኒባስ። ለመነሳት ጠረጴዛውን መደገፍ ነበረባት፤ ሆዷ ገፍቷል።

«አቶ ተስፋዬ፣ እኔ የሚቀጥለው ወር አልችልም» አለች።

«ለምን?»

ሆዷን አየች፤ እሱም አየ። ክፍሉ ውስጥ አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «ሦስት ዓመት የተመላለስኩት ለዛሬ ነው። ዛሬ ካልሆነ ዓመቱ አለፈኝ» አለች።

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። አቶ ተስፋዬ መልስ ሳይሰጣት በሩ ተከፈተና እትዬ ዘሀራ ከነቦርሳቸው ገቡ። ከቡታጅራ የተነሱት በመጀመሪያው መኪና ነው፤ ቤታቸው እንኳ አልገቡም። ሁለቱም እጃቸው እስከ አንጓው በሂና ተስሏል። ክፍሉን ቃኙና እኔ ዘንድ መጡ።

«ኢንተርኔት ይከፍታሉ?»

«ይከፍታሉ።»

«እርስ በርሳቸውስ ይተያያሉ?»

«ይተያያሉ። ፕሪንተሩም ይሠራል።»

«አሥር ሰፈር ያለውን ሰርቨር ብቻ ነው ያጡት?»

«አዎ።»

ሁለት ጣታቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከንፈራቸው ፈገግ ሲል አየሁ፤ አውቀውታል። ግን አልነገሩኝም። «ምሕረት፣ እነዚህ ሃያዎቹ ሰርቨሩን እዚሁ ነው እያሉ ነው። ማን ነገራቸው?» አሉኝ።

ወደ ቅርቡ ማሽን ሄጄ አድራሻውን ከፈትኩ። ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ። መዳፌን በልቤ ቁጥሩ ላይ አሳረፍኩት። ማስኩ ሦስተኛውን ቁጥር ከሸፈነው የሚታየው 192.168 ብቻ ነው፤ አሥርም ሃያም አንድ ሰፈር መሰሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን ጎረቤቴ ነው ብሎ እዚያው ክፍል ውስጥ ይጣራል። ሰርቨሩ ያለው ሌላ ሕንጻ ነው፤ አይሰማም። በሩ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ለበሩ አይሰጠውም፤ ውጭ መሆኑን አላወቀማ። የኢንተርኔት አድራሻ ግን 192.168 ብሎ አይጀምርምና ውጭ መሆኑ ይታወቀዋል፤ ያን ለበሩ ይሰጣል። እኔን ያታለለኝ ይኸው ነበር። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያልገባኝ ነገር በአንድ ደቂቃ ገባኝ፤ አገባቡ ግን ደስ አይልም።

«ምንድን ነው ችግሩ?» አለ አቶ ተስፋዬ።

እትዬ ዘሀራን አየኋቸው። «መሣሪያው ነው» ቢሉልኝ ማንም አይጠይቅም ነበር። እሳቸው ግን እጃቸው ላይ ያለውን ሂና እንደ አዲስ ያጠኑ ጀመር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ሃያዎቹ ላይ ማስኩን ተሳስቼ ሞልቻለሁ። ሰርቨሩንም ሳልፈትሽ ነው ይሠራል ያልኩህ።»

አቶ ተስፋዬ ፊቱ ቀላ። «ትናንት እኮ ሁሉም ይሠራል ብለሽኝ…» ብሎ ሲጀምር እትዬ ዘሀራ አቋረጡት። «ተስፋዬ፣ ተናገረች እኮ። አሁን ትሥራበት።»

በአንዱ ረድፍ እሳቸው፣ በአንዱ ረድፍ እኔ፣ አሥር አሥር ተካፈልን። ተማሪዎቹ ተነስተው ቦታ ለቀቁልን። የዚያ ሁሉ ጣጣ መድኃኒት ዜሮውን አጥፍቶ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት መጻፍ ብቻ ነበር። እኔ ሰባተኛው ላይ ስደርስ እትዬ ዘሀራ ጨርሰው፣ ከወርቅነሽ ወንበር ሥር ቦርሳቸውን አስገብተው እግሯን እያሳረፉላት ነበር። ፈተናው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ። ወርቅነሽ ከሁሉ ቀድማ ጨርሳ ወጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ውጤቷም ጥሩ ነበር። አሁን ይርጋጨፌ ነርስ ናት።

ከሰዓት በኋላ ለብቻችን ስንሆን «ለምን አልነገሩኝም? ገና ሲገቡ አውቀውት ነበር» አልኳቸው።

«ብነግርሽ ማሽኑ ይድን ነበር፤ አንቺ አትድኚም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንስተው አያውቁም።

ቀሪውን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ከአቶ ተስፋዬ ነው። በማግሥቱ እትዬ ዘሀራ ቢሮው ገብተው ያን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት አሉ። «ኮሌጁ አንድ ሰፈር በነበረ ጊዜ የጻፍኩት ነው። ሰፈሩን ስለይ መቅደድ ነበረብኝ። ሳልቀደው መሳቢያ ውስጥ የተውኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ስለ ራሷ ጥፋት ተናግራለች፤ እኔ ደግሞ ስለ እኔ ልናገር መጣሁ» አሉት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ወረቀት አዘጋጅቶ ነበር፤ «ለሁለታችንም ከሆነ ጻፍ» ሲሉት ተወው። ይህን ሁሉ ለእኔ ትንፍሽ አላሉም። እሱንም ገመዱን ነቅለውት ኖሯል።

ያ የመልእክቱ ነገር የሆነ ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ዲላ ሄድኩ። ጡረታ የወጣ ሰው ቤት እንደሚኬደው ብርቱካንና ብስኩት ይዤ፣ አረፍ ብለው አገኛቸዋለሁ ብዬ። በረንዳቸው ላይ ግን ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ ራውተር ተገጣጥሟል፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ዙሪያውን ሬኮ ካለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የመጡ ሦስት ሴቶች ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። ጣቢያቸው ኮምፒውተር ገብቶለት የሚጠግን ሰው አጥተው ኖሯል። በሸኟቸው በሦስተኛው ቀን ነው ማስተማር የጀመሩት።

«በሰዓቱ ደረስሽ» አሉኝና ማርከሩን ሰጡኝ። «ሰብኔት ላይ ነን።»

ብርቱካኑን አስቀምጬ ጀመርኩ። ሰፈር፣ ቤት፣ በር። ሴቶቹ ዝም ብለው የሚነቀንቁ ዓይነት አልነበሩም። ትልቋ፣ እጇ ላይ የቡና መፈልፈያ ማሽን የተወው ጠባሳ ያላት፣ ጣቷን አነሳች።

«እኛ ሬኮ ነን፤ ቢሮአችን ዲላ ነው። ሁለቱን ሊያገናኙ ነው አሉ። የእኛን ሰፈር ቁጥር ማን ነው የሚያወጣው? እኛ ያወጣነው እነሱም ያወጡት አንድ ቢሆንስ?»

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነበር። አንድ ከሆነማ የሬኮው ማሽን የዲላውን ጎረቤቴ ነው ብሎ እዚያው ይፈልገዋል። ግን ቢሮአቸው የትኛውን ቁጥር እንደያዘ አላውቅም፤ እትዬ ዘሀራን ልጠይቅ ዞር ስል ወንበራቸው ባዶ ነው። ልጃቸው ከውስጥ «ገበያ ሄደዋል» አለችኝ።

ሦስቱም ያዩኛል። «ቢሮአችሁ የያዘውን ቁጥር አላውቅም» አልኳቸው። «ሰኞ ደውዬ እጠይቃለሁ፤ ከእነሱ የተለየ እንመርጥላችኋለን። እስከዚያ የምትጽፉት ቁጥር ጊዜያዊ ነው።»

«ጊዜያዊ» ብላ ትልቋ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ አሰመረችበትም።

እትዬ ዘሀራ ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ጎመን ይዘው ተመለሱ። ቆመው ሰሌዳውን አነበቡ። ከዚያ እኔን ሳይሆን ሴቶቹን «እንዴት ናት?» ብለው ጠየቁ።

«የማታውቀውን አላውቅም ትላለች» አለች ትልቋ።

እትዬ ዘሀራ ጎመኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ራውተሩ አጠገብ አስቀመጡት። «እንግዲያው ቅዳሜ ቅዳሜ ትምጣልን» አሉ።

ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲህ አምስት ቅዳሜ ሄጃለሁ።